ስለ ዋግ በስንዴ ሴል ውስጥ የሚተላለፈው መልእክት

ለቤቴል ሠፈር ተማሪ ዳቦ የዘወትር ምግብ ነው፤ ስለዚህ የስንዴ በሽታ ለእርሱ ሩቅ ነገር አይደለም። በ2010 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቢጫ ዋግ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቶ፥ በስፋት ይዘራ የነበረውን «ኩብሳ» የተባለ ዝርያ ክፉኛ አጠቃ። አንዱ ዝርያ ሲወድቅ ሌላው የሚቋቋመው በምን ምክንያት ነው? የመልሱ አንድ ክፍል ፕሮቲን ካይኔዝ በተባሉት ኤንዛይሞች ዘንድ ይገኛል።

ካይኔዝ፥ ኤቲፒ ከተባለው የኃይል ተሸካሚ አንድ ፎስፌት ወስዶ በሌላ ፕሮቲን ላይ ያኖራል። ፎስፌቱን የተቀበለው ፕሮቲንም ቅርጹ ተለውጦ ሥራውን ይጀምራል ወይም ያቆማል። ከዋጉ ግድግዳ የተሰበረ ካይቲን በሴሉ ሽፋን ላይ ባለ ተቀባይ ሲታወቅ፥ አንዱ ካይኔዝ ሌላውን፥ ያም ሦስተኛውን እየቀሰቀሰ መልእክቱ ኒውክለስ ድረስ ይዘልቃል፤ በዚያም የመከላከያ ጂኖች ሥራ ይጀምራሉ። ነገሩ በገጠር ከኮረብታ ወደ ኮረብታ እንደሚተላለፍ ጥሪ ነው። (መምህሩ ተማሪዎችን በሰልፍ አቁሞ ቅብብሎሹን ሊያሳይ ይችላል።)

ይህ ጥሪ በሁሉም ስንዴ ውስጥ ቢኖርም፥ ዋጉ ሊያፍነው ይችላል። ከስንዴ የዱር ዘመድ የተገኘውና ምንነቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የተገለጠው ዋይአር15 የተባለ ጂን ግን ሁለት የካይኔዝ ክፍሎች የተጣመሩበትን ፕሮቲን ያሠራል። ይህ ጂን ባለበት ስንዴ ዋጉ የገባባቸው ሴሎች ይሞታሉ፤ ዋግ ከሕያው ሴል በቀር ምግብ የለውምና በዚያው ይራባል።