ብዙ ኬላ፣ አንድ ማዕከል፦ የኔትወርክ ፋየርዎሎች ማዕከላዊ አስተዳደር በዋሽንግተን ዙሪያ

ፋየርዎል በሁለት ኔትወርኮች መካከል ተቀምጦ የሚተላለፈውን መረጃ በተጻፉለት ደንቦች መሠረት እየመረመረ የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ መሣሪያ ነው። ከከተማ መግቢያ ላይ የቆመ ኬላ መንገደኛውን ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደያዘ ጠይቆ እንደሚያሳልፈው ወይም እንደሚመልሰው ሁሉ፣ ፋየርዎልም መረጃው ተከፋፍሎ የሚጓዝባቸውን ፓኬት የሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች አንድ በአንድ ይመለከታል፤ የመነሻና የመድረሻ የአይፒ አድራሻቸውን እንዲሁም የሚፈልጉትን አገልግሎት የሚያመለክተውን ፖርት የተባለ ቁጥር አይቶ ይወስናል። ደንቦቹ የሚነበቡት ከላይ ወደ ታች በተራ ሲሆን፣ ፓኬቱ የሚስማማውን የመጀመሪያ ደንብ እንዳገኘ ውሳኔው እዚያው ያበቃል፤ ከየትኛውም ጋር ካልተስማማ ደግሞ በመጨረሻ ላይ ያለው ሁሉን ከልካይ ደንብ ያስቀረዋል። የደንቦቹ ቅደም ተከተል ከይዘታቸው እኩል የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ሰፊ ፈቃድ የሚሰጥ ደንብ ከላይ ከተቀመጠ፣ ከሥሩ ያለው ጥብቅ ክልከላ ተጽፎም እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

አንድ ወይም ሁለት ፋየርዎል ያለው መሥሪያ ቤት እነዚህን ደንቦች በቀጥታ መሣሪያው ላይ ገብቶ ቢጽፍ ብዙ አይቸገርም፤ ችግሩ የሚመጣው በሮቹ ሲበዙ ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ከዋሽንግተን አጠገብ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በሥሩ ያለው የአየር ሁኔታ አገልግሎት ብቻ በመላ አገሪቱ 122 የትንበያ ቢሮዎች አሉት፤ ሲልቨር ስፕሪንግን የሚያቅፈው የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶችን ይመራል፤ ወደ አገር ቤት ቢታይም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቅርንጫፎች ከሺህ ያልፋሉ። ይህን ያህል ስፋት ያለው ተቋም በየቅርንጫፉ ፋየርዎል ቢያቆምና አንድ አደገኛ አድራሻ በሁሉም ላይ መታገድ ቢኖርበት፣ ባለሙያው ያንኑ ደንብ መቶና ሁለት መቶ ጊዜ መጻፍ ይኖርበታል፤ በመካከል አንዱን መሣሪያ ቢዘነጋ ወይም አንዲት አኃዝ ቢያሳስት፣ ቅርንጫፎቹ በውስጥ የተያያዙ በመሆናቸው በዚያች ክፍተት የገባ ሰርጎ ገብ ወደ ሌሎቹ መሸጋገሪያ ያገኛል። ማዕከላዊ አስተዳደር የተፈለገው ይህን ለማስቀረት ነው።

ሥርዓቱ በመሠረቱ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ባለሙያው ደንብ የሚጽፍበት መስኮት፣ የተጻፈውን ሁሉ የሚያስቀምጠውና የሚያሰራጨው የአስተዳደር ሰርቨር፣ እንዲሁም በየቦታው ቆመው ደንቡን የሚያስፈጽሙት ፋየርዎሎች ናቸው። ይህን አከፋፈል በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 በእስራኤል የተመሠረተው ቼክ ፖይንት የተባለ ኩባንያ ሲሆን፣ ፋየርዎል ዋን የተባለው ምርቱ የፓኬትን አድራሻ ብቻ ሳይሆን ፓኬቱ ቀደም ሲል የተጀመረ ግንኙነት አካል መሆን አለመሆኑን ጭምር የሚያስታውስ ነበር። ዛሬ በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በአሌክሳንድሪያ የሚገኘው የአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ ለዚህ ዘዴ የፈጠራ ባለቤትነት መብት የሰጠው በ1997 ነው።

የዋሽንግተን አካባቢ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ ግን ከፓተንት ማኅደር እጅግ ይሰፋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ በስተሰሜን ባለው የሃዋርድ ካውንቲ፣ ግሌንዉድ በምትባል አነስተኛ መንደር የነበረው ትረስትድ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የተባለ ኩባንያ በ1993 የዋይት ሀውስን የመጀመሪያ የኢሜይል አገልግሎት በማቋቋም ሥራ ተሳትፏል፤ በዚያው ዓመትም ማንም ሰው አውርዶ ሊገነባበት የሚችል የፋየርዎል መሥሪያ ስብስብ ለሕዝብ አውጥቷል። ስብስቡን የጻፈው ማርከስ ራነም በሙያው ከመሥራቾቹ ተርታ የሚጠቀስ ሲሆን፣ ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት ከዚሁ ሥራ ተነሥቶ ጎንትሌት የተባለ የንግድ ፋየርዎል ሠርቷል። በዚያው ካውንቲ በኮሎምቢያ ከተማ ደግሞ ማርቲን ሮሽ በ1998 የጻፈውን ስኖርት የተባለ የሰርጎ ገብ መከታተያ ፕሮግራም መነሻ አድርጎ በ2001 ሶርስፋየር የተባለ ኩባንያ አቋቋመ፤ ይህ ኩባንያ በየቦታው የተተከሉ መከታተያዎችን ከአንድ ቦታ የሚመራ ዲፌንስ ሴንተር የተባለ ማዕከላዊ ሥርዓት ነበረው። ቼክ ፖይንት በ2005 ሶርስፋየርን በ225 ሚሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማምቶ የነበረ ቢሆንም፣ ስኖርት በአሜሪካ የመንግሥት ተቋማት ውስጥ ያገለግል ስለነበር የውጭ ኢንቨስትመንትን የሚመረምረው የመንግሥት ኮሚቴ ጉዳዩን ሲያጠብቅበት በ2006 ከስምምነቱ ወጥቷል። ሲስኮ በ2013 ያንኑ ኩባንያ በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ዛሬ የሲስኮ ፋየርዎሎች የሚመሩበት ማዕከላዊ ሥርዓትም መሠረቱ ያ በኮሎምቢያ የተሠራው ዲፌንስ ሴንተር ነው። የሌሎቹ ትልልቅ አምራቾች ተመሳሳይ ሥርዓቶች የፓሎ አልቶ ኔትወርክስ ፓኖራማና የፎርቲኔት ፎርቲማናጀር ናቸው።

ስማቸው ቢለያይም አሠራራቸው ይቀራረባል። ባለሙያው በመጀመሪያ ኦብጀክት የሚባሉትን ይፈጥራል፤ ኦብጀክት ማለት ለአንድ አድራሻ፣ ለአድራሻዎች ስብስብ ወይም ለአንድ አገልግሎት የተሰጠ ስም ሲሆን፣ ለምሳሌ የደመወዝ ሰርቨሩ አድራሻ አንድ ጊዜ ከተሰየመ በኋላ መቶ ደንቦች በዚያው ስም ሊጠቅሱት ይችላሉ፤ ሰርቨሩ አድራሻ ሲቀይርም የሚታረመው ኦብጀክቱ ብቻ ነው። ቀጥሎ ፋየርዎሎቹ በሥራቸው ወይም በቦታቸው በቡድን ይደለደላሉ፤ ደንቦቹም በእርከን ይጻፋሉ። በፓኖራማ እንደሚደረገው፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ለሁሉም የሚያስገድደው ደንብ ከቅርንጫፉ ደንብ በላይ ይቀመጣል፤ የቅርንጫፉ የራሱ ደንብ በመካከል ይገባል፤ ቅርንጫፉ ያላነሣውን ጉዳይ የሚዘጋው የጋራ ደንብ ደግሞ ከታች ይሆናል። ደንብ ከላይ ወደ ታች የሚነበብ በመሆኑ ይህ አደራደር የሥልጣን ተዋረድን በቴክኒክ ያስፈጽማል፤ ማዕከሉ የከለከለውን ቅርንጫፉ ሊፈቅደው አይችልም፣ ማዕከሉ ዝም ባለበት ግን ቅርንጫፉ የሚያውቀውን የአካባቢውን ፍላጎት ያስተናግዳል።

በመስኮቱ ላይ የተጻፈ ለውጥ ወዲያውኑ ሥራ ላይ አይውልም፤ ለውጡ በመጀመሪያ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ባለሙያ አይቶ ያጸድቀዋል፣ ከዚያ በኋላ ሥራ በሚቀንስበት ሰዓት ወደ ፋየርዎሎቹ ይላካል። በመጻፍና በመላክ መካከል ያለው ይህ ክፍተት ለአዲስ ባለሙያ የሚያሰለች ቢመስልም ከሥርዓቱ ጥቅሞች ሁሉ ምናልባት ትልቁ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ የሚመዘገበው፣ የቀድሞው ቅጂ የሚቀመጠውና ስህተት ሲገኝ ወደ እሱ መመለስ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰርቨሩ ቢበላሽ እንኳ ፋየርዎሎቹ መጨረሻ የደረሳቸውን ደንብ ይዘው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚቋረጠው አዲስ ትእዛዝ መላክና የክንውን መዝገብ፣ በተለምዶ ሎግ የሚባለውን፣ በአንድ ቦታ መሰብሰብ ነው። ሎግ መሰብሰቡም ቀላል ነገር አይደለም፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ሦስት ጊዜ የታገደ አድራሻ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፣ በአንድ ሌሊት አርባ ቅርንጫፎችን እንዳንኳኳ የሚታወቀው ግን ሁሉም መዝገብ በአንድ ገጽ ላይ ሲታይ ብቻ ነው።

ማዕከላዊ ሥርዓት የማይፈታው ችግርም አለ፤ እሱም የደንቦቹ የራሳቸው ጤንነት ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ አቪሻይ ዉል በ2004 ባሳተመው ጥናት ከልዩ ልዩ ድርጅቶች የተገኙ 37 የፋየርዎል ደንብ ስብስቦችን መርምሮ አብዛኞቹ ከባድ ስህተት እንዳለባቸው፣ ስብስቡ ውስብስብ በሆነ ቁጥርም ስህተቱ እንደሚጨምር አሳይቷል። ማዕከሉ ደንብ መጨመርን እጅግ ቀላል ስለሚያደርግ ይህንኑ ውስብስብነት ሊያባብሰው ይችላል፤ ለአንድ ሳምንት ሥራ ተብሎ የተከፈተ መንገድ ያስከፈተው ሰው ከለቀቀ በኋላም ተከፍቶ ይቀራል፣ ማንም የማይነካውም ቢዘጋ ምን እንደሚቋረጥ የሚያውቅ ስለሚጠፋ ነው። ጌይተርስበርግ የሚገኘው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2009 አሻሽሎ ባወጣው የፋየርዎል መመሪያ፣ በግልጽ ያልተፈቀደ ሁሉ ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ እንዲታገድ መምከሩ የሚከማቹትን ፈቃዶች ከመነሻው ለመቀነስ ይረዳል።

ከሚገባው በላይ የተሰጠ ፈቃድ ምን ሊያስከትል እንደሚችል በዚሁ አካባቢ ታይቷል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በቨርጂኒያ ማክሊን የሚገኘው ካፒታል ዋን ባንክ በ2019 የ100 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያንና የ6 ሚሊዮን ያህል ካናዳውያን መረጃ እንደተወሰደበት ሲያስታውቅ፣ በሩ የድረ ገጽ አገልግሎቶችን የሚጠብቅ፣ በትክክል ያልተዋቀረ አንድ ፋየርዎል ነበር፤ መሣሪያው በደመና (ክላውድ) ላይ የተቀመጠውን መረጃ እንዲያነብ ተሰጥቶት የነበረው ፈቃድ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ ነበር። የባንኮች ተቆጣጣሪ የሆነው መሥሪያ ቤት በቀጣዩ ዓመት ባንኩን 80 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል።

ከሁሉ የሚከብደው አደጋ ግን ከማዕከሉ ከራሱ ይመነጫል። የሁሉም በር ቁልፍ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ፣ ያን ቦታ የያዘ ሁሉንም በር ይይዛል። በጥቅምት 2024 ፎርቲኔት በፎርቲማናጀር ላይ ከፍተኛ ጉድለት መኖሩን አሳወቀ፤ ሥርዓቱ ከፋየርዎሎቹ ጋር በሚነጋገርበት አገልግሎት ላይ ማንነትን የማረጋገጥ እርምጃ በመጉደሉ፣ ከውጭ ያለ ሰው የራሱን መሣሪያ በማዕከሉ እንደሚተዳደር ፋየርዎል አስመዝግቦ ትእዛዝ ማስፈጸም ይችል ነበር፤ የክብደቱ ደረጃም ከ10 ላይ 9.8 ተሰጥቶታል። ጉዳዩን ከመረመሩት አንዱ ማንዲያንት ነው፤ ይህ ድርጅት ስመ ጥር የሆነው ዋና መሥሪያ ቤቱ በአሌክሳንድሪያ በነበረበት ዘመን ሲሆን፣ በ2013 አንድ የቻይና ሠራዊት ክፍል በሳይበር ስለላ መሰማራቱን የሚገልጸውን ዘገባ ያወጣውም ከዚያው ነው፤ ከ2022 ጀምሮ የጉግል ንብረት ሆኗል። ምርመራው ጥቃቱ ጉድለቱ ከመታወቁ ወራት በፊት፣ ከሰኔ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ይካሄድ እንደነበር፣ ከ50 በላይ ማዕከሎችም ሳይነኩ እንዳልቀሩ አመልክቷል። ሰርጎ ገቦቹ የወሰዱት በማዕከሉ ሥር ያሉትን ፋየርዎሎች ዝርዝር አወቃቀር፣ አድራሻዎችና ወደ ምስጢራዊ ኮድ የተለወጡ የይለፍ ቃሎችን ነበር፤ በሌላ አነጋገር የአጥሩን ሙሉ ንድፍ አግኝተዋል።

ይህ ከመሆኑ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሰኔ 2023፣ አርሊንግተን የሚገኘው የሳይበርና የመሠረተ ልማት ደኅንነት ኤጀንሲ ሁሉም የፌዴራል ሲቪል መሥሪያ ቤቶች የሚገደዱበት መመሪያ አውጥቶ ነበር። መመሪያው ፋየርዎልን ጨምሮ የኔትወርክ መሣሪያዎች ማስተዳደሪያ መስኮት ከኢንተርኔት የሚታይ ሆኖ ሲገኝ በ14 ቀናት ውስጥ ከኢንተርኔት እንዲነሣ፣ አለዚያም ራሱን በቻለ ሌላ የመግቢያ ቁጥጥር ሥር እንዲውል ያዛል። በሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደርም፣ በአሌክሳንድሪያ ያለው የፓተንት ቢሮም የሚገዙበት መመሪያ ነው። ትክክለኛ መመሪያ መሆኑን የፎርቲማናጀሩ ጉዳይ አሳይቷል፤ ከማይታወቅ አድራሻ የማይደረስበት ማዕከል ጉድለት ቢኖርበትም ጉድለቱን ከሩቅ የሚያንኳኳ አያገኝም፤ አምራቹ ማስተካከያ እስኪያወጣ ድረስም ለባለቤቱ ጊዜ ይገዛለታል።

ከዚህ በመነሣት ማዕከላዊ አስተዳደር የሚተክል ተቋም ሰርቨሩን ለብቻው በተከለለ የአስተዳደር ኔትወርክ ውስጥ ሊያስቀምጠው፣ መግቢያውን በይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን በሁለተኛ ማረጋገጫ ሊያጥረው፣ ለእያንዳንዱ ባለሙያም ከሥራው የማያልፍ ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል። ሰርቨሩ ከሚያስተዳድራቸው ፋየርዎሎች ያረጀ የሶፍትዌር ቅጂ ሊይዝ አይገባውም፤ ማደስ የሚጀመረው ሁልጊዜ ከማዕከሉ ነው። በችግር ጊዜ አንድ ባለሙያ በቅርንጫፍ ፋየርዎል ላይ በቀጥታ ገብቶ የሚያደርገው ለውጥም ወዲያውኑ ወደ ማዕከሉ ካልተጻፈ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከማዕከሉ ደንብ ሲላክ ሊጠፋና አገልግሎት ሊያቋርጥ ይችላል።

ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች ቀዳሚው ይኸው የዋሽንግተን ዙሪያ ሲሆን፣ ከእነሱም ውስጥ በኔትወርክና በመረጃ ደኅንነት ሙያ የተሰማሩ ጥቂት አይደሉም፤ ሙያውን የሚያስተምሩት የሞንትጎመሪ ኮሌጅና የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ካምፓሶች አሏቸው። ለሙያው አዲስ የሆነ ተማሪ የአንድን አምራች መስኮት በፍጥነት ለምዶ ሥራ ለመያዝ መጓጓቱ የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን መስኮቶቹ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣሉ፣ ደንብ የሚነበብበት ሥርዓት ግን ሠላሳ ዓመት ቆይቷል። ስለዚህ ተማሪውም አስተማሪውም በማዕከሉ ፊት ከመቀመጣቸው አስቀድሞ አንድን ፓኬት በወረቀት ላይ ከመጀመሪያው ደንብ እስከ መጨረሻው ሁሉን ከልካይ ደንብ ድረስ መከተልን እንዲለማመዱ፣ ሥራ ከያዙ በኋላም ቢያንስ በየስድስት ወሩ ማንም የማይጠቀምባቸውን ደንቦች እየለዩ እንዲሰርዙ ይመከራል።