የከሳ ፈረስ እንዲያገግም ምን ይብላ?

በሰሜን ወሎ ዞን ጊዳን ወረዳ፣ በሙጃና አካባቢዋ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ዳገቱና ገደሉ ብዙ ነው። መኪና በማይገባበት መንደር እህል ወደ ገበያ የሚወርደው፣ ማዳበሪያ ወደ ቀበሌ የሚወጣው፣ ታማሚም ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው በጋማ ከብት ጀርባ ነው። ፈረሱ የከሳበት አርሶ አደር ሸክሙን ወደ ራሱ፣ ወደ ባለቤቱና ወደ ልጆቹ ትከሻ ያዞረዋል።

አካባቢው የበልግ አምራች ነው። የበልጉ ሰብል የሚደርሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የመኸሩ ጭድ ተሟጦ ግጦሹም ገና ሳያገግም ይቆያል። ፈረስ ጎድኑ የሚቆጠረውም በዚሁ ወቅት ነው። ያኔ ለባለቤቱ መጀመሪያ የሚታየው መፍትሔ ገብስ መጨመር ነው። ይሁን እንጂ ገብስ የቤተሰቡም እንጀራ፣ ቆሎና በሶ ነው፤ ለፈረስ የተሰፈረው ሁሉ ከሌማቱ ይቀነሳል። ስለዚህ እህሉ ከመሰፈሩ በፊት ፈረሱ የከሳው በእርግጥ በመኖ ማነስ መሆኑን ማየት ይገባል።

የመንጋጋ ጥርሱ ጠርዝ የሾለ ፈረስ ያኘከውን ሣር እያድበለበለ ይተፋል፤ በፋንድያውም ውስጥ ያልተፈጨ ገብስ ይታያል። የሆድ ትላትል ያለበትም ቢበላ አይጠቀምም። ገጣባ ፈረስ ደግሞ ቁስሉ ሳይሽር እየተጫነ እንዲወፍር መጠበቅ ከንቱ ነው። ጥርሱን በእንስሳት ሐኪም ማስመርመር፣ የትላትል መድኃኒት ማስወሰድና ጭነት መቀነስ ከመኖው ይቀድማሉ። ወጪያቸውም ከአንድ ኩንታል ገብስ ያንሳል።

ፈረስ እንደ በሬ አያመሰኳም። ጨጓራው ትንሽ ስለሆነ ሣርና ጭድ የሚብላላው ከኋላ ባለው ትልቁ አንጀት ነው፤ በተፈጥሮውም ቀንና ሌሊት ጥቂት በጥቂት ሲነጭ የሚውል እንስሳ ነው። ገበያ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ያለ መኖ ታስሮ ውሎ ማታ እህል በብዛት የሚቀርብለት ፈረስ ለቁርጠት ይጋለጣል። ቁርጠት ደግሞ ፈረስን በአንድ ሌሊት ሊገድል ይችላል። ገበያ ሲወጡ አንድ እቅፍ ድርቆሽ ይዞ መሄድ፣ ማታም ለሌሊቱ የሚበቃ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም።

መጠኑን ለማወቅ ክብደቱን መገመት ያስፈልጋል። ሚዛን በሌለበት ገመድ ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው ጫፍ ባለው ርዝመት እንደገና ተባዝቶ ለ11,880 ይካፈላል። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 140 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፈረስ 248 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህን የሚያህል ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ፣ ማለትም 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ እንዲወፍር ከተፈለገ ወደ 6 ኪሎ ከፍ ይላል። አብዛኛው ሣርና ድርቆሽ መሆን አለበት። የገብስ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ ለብቻው አያወፍርም። የባቄላና የአተር ገለባ ከእሱ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን አጃና ቪች ተቀላቅሎ ተዘርቶ፣ አጃው ዘለላ አውጥቶ ፍሬው ሳይደርቅ የታጨደው ድርቆሽ ነው።

ገብሱ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው። ተከክቶ ወይም ተነክሮ በቀን ከ1 እስከ 1 ኪሎ ተኩል፣ ለሁለትና ለሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል፤ ከሩብ ኪሎ ተጀምሮም በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ያድጋል። ቆዳውና አጥንቱ ብቻ የቀረ ፈረስ ከሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እህል ጨርሶ አይሰጠውም። ጥሩ ድርቆሽ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይቀርብለታል። ባለቤቱ አዝኖ በአንዴ የሚያቀርበው እህል የተራበውን ገላ ሊያናጋውና ሊገድለው ይችላል።

ከገበያ የሚገዛው ፉርሽካ በፈረስ ባለቤቶች ይወደዳል። ሆኖም ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ነው፤ ለወራት በብዛት ከተሰጠ አጥንት ያሳሳል። ቪች ወይም ትሪ ሉሰርን አብሮ ቢቀርብ ጉድለቱን ያካክሳል፤ ትሪ ሉሰርን ደግሞ ደጋን የሚወድ ተክል ነው። የኑግ ፋጉሎ በፕሮቲን የበለጸገ በመሆኑ በቀን ሩብ ኪሎ ቢጨመር ጡንቻ ይመልሳል፤ ሻጋታ ከያዘ ግን መጣል አለበት። ጓያ የፈረስን የኋላ እግር ስለሚያሽመደምድና ትንፋሹን ስለሚያፍን በምንም መልኩ አይሰጥም። እንክርዳድ የበዛበት ግርድም እንዲሁ፤ ለሰው የማይሆን እህል ለፈረስ ይሆናል የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። በዩሪያ የታከመ ጭድም ለከብት የተዘጋጀ ስለሆነ ለፈረስ አይመከርም።

ጨው እየላሰና በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ንጹሕ ውኃ እያገኘ በዚህ ሁኔታ የተያዘ ፈረስ ለውጡ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው። ጠጉሩ ስለሚያታልል በየ15 ቀኑ ጎድኑን በእጅ መዳሰስና ደረቱን በገመድ መለካት ይሻላል። ለመጪው የችግር ወቅት የሚሆነው ድርቆሽ ደግሞ የሚታጨደው ሣሩ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። እስከ ኅዳር ከቆየ ከጭድ ብዙም አይለይም።