ደኑ ግን አልሸሸም

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ጣቢያ አራተኛው ማብላያ ፈነዳ። የጎረቤቷ የፕሪፕያት ነዋሪዎች ከአንድ ቀን ተኩል በኋላ በአውቶቡስ ተጭነው ወጡ። ከጣቢያው በስተምዕራብ ያለው የጥድ ደን ግን መሸሻ እግር አልነበረውም። ጨረራ የተሸከመው ብናኝ አናቱ ላይ ሰፈረበት፤ ቅጠሉ እንደ ዝገት ቀላና ዛፉ ቆሞ ደረቀ። ቦታው እስከ ዛሬ «ቀዩ ደን» ይባላል።

የጨረራ መከላከል ሙያ ለረጅም ዘመን የተመራው በአንድ ግምት ነው፤ ሰው ከተጠበቀ ሌላውም ሕያው ፍጥረት ተጠብቋል የሚል። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከል ኮሚሽን ይህንን በ1977 በጽሑፍ አስፍሮታል። ግምቱ ከንቱ አልነበረም፤ ለሰው የተቀመጠው ወሰን በጣም ጥብቅ ነውና። ችግሩ ሰው በሌለበት ቦታ ነው። ነዋሪው ወጥቶ ባለቀበት ደን ውስጥ በሰው የሚለካው መለኪያ ማንን ይለካል?

ለዚህ መልስ ይሆን ዘንድ ኮሚሽኑ በ2008 አሥራ ሁለት ማመሳከሪያ ፍጥረታትን አወጣ። አጋዘን፣ አይጥ፣ ዳክዬ፣ እንቁራሪት፣ ንብ፣ ሸርጣን፣ የመሬት ትል፣ ጥድ፣ የዱር ሣር ይገኙበታል፤ ትንሽ የኖኅ መርከብ በሉት። ለአጋዘንና ለጥድ የሚያገኛቸው ጨረራ በቀን ከ0.1 እስከ 1 ሚሊግሬይ (የጨረራ መጠን መለኪያ) ሲደርስ «እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ» ይባላል። ለንብና ለትል ግን ደረጃው መቶ እጥፍ ከፍ ያለ ነው። ይህ የማሰላሰያ ምልክት እንጂ የሞት ወሰን አይደለም።

መጠኑን ማስላት ግን ቀላል አይደለም፤ ጨረራ አመንጪው ንጥረ ነገር ይዘዋወራልና። ሲዚየም 137 ፖታሲየምን ስለሚመስል ሥር ይምገዋል፣ ጡንቻም ይቀበለዋል። ስትሮንቲየም 90 ደግሞ ካልሲየም መስሎ አጥንት ውስጥ ይገባል። የሁለቱም ኃይል በግማሽ የሚቀንሰው በ30 ዓመት ገደማ ነው። ከቼርኖቤል ብዙ የራቁት የኖርዌይና የስዊድን ሬንዲሮች ሥጋቸው የተበከለው በክረምት በሚግጡት፣ ላይክን በተባለ ተክል መሰል ፍጥረት ምክንያት ነው፤ ላይክን ሥር ስለሌለው የሚመገበው ከዝናብና ከአየር ነው። አርቢዎቹ ከብቶቻቸውን ንጹሕ መኖ በማብላትና ፕረሺያን ብሉ የተባለውን፣ ሲዚየምን አንጀት ውስጥ የሚይዝ ሰማያዊ ቀለም በመስጠት ታገሉት።

እንስሳቱ ራሳቸው ምን ያህል ተጎዱ በሚለው ላይ ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙም። በ2015 የወጣ ጥናት በቤላሩስ በኩል ባለው፣ ሰው እንዳይኖርበት በተከለከለው ቀጠና የተኩላው ብዛት ካልተበከሉ ጥብቅ ስፍራዎች ሰባት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ቲሞቲ ሙሶና አንደርስ ሞለር በበኩላቸው ጨረራው በበረታበት ቦታ ወፉም ነፍሳቱም አንሶ አግኝተውታል። በእኔ እይታ ሁለቱ ወገኖች የሚጠይቁት ጥያቄ የተለያየ ነው፤ የመንጋ ብዛት የእያንዳንዱን እንስሳ ጤና አይነግርም። ተኩላውን የጠቀመው ደግሞ ጨረራው ሳይሆን የአዳኝና የገበሬ መጥፋት ነው።

ብክለቱን የማጽዳት መድኃኒትም የራሱ ቁስል አለው። በ2011 ከደረሰው የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በኋላ ጃፓን የእርሻውን የላይኛውን አፈር ገፍፋ አነሣች። ሲዚየሙ ሄደ፤ ለሙ አፈርም አብሮት ሄደ። ተራራማውን ደን ግን በአብዛኛው ሳትነካው ተወችው።

በቀዩ ደን የሞቱት ጥዶች በቡልዶዘር ተገፍተው ጉድጓድ ውስጥ ተቀበሩ፤ አሸዋ ለበሱና አዲስ ጥድ ተተከለባቸው። የአዲሶቹ ጥዶች ሥር ጉድጓዱ ድረስ ወርዶ ስትሮንቲየሙን እየሳበ ወደ ቅጠል ያወጣዋል፤ ቅጠሉም ሲረግፍ መሬቱ ላይ ያርፋል።