የበቅሎዋ ደረሰኝ

የሚሽን ድርጅት ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ቦርሳውን አንግቶ ወንዝ የሚሻገር ወንጌላዊ ነው። ወንጌላዊው ግን ደመወዙን የሚልክለት፣ ልጁ ስትታመም ስልክ የሚያነሣለት፣ ሪፖርቱን የሚቀበለው ሰው ከኋላው አለ። ይህ ሰው ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ እንደ ሰሚት ባለ ሰፈር ከሆነ ደግሞ ለመኖሪያ ተብሎ በተሠራ ቪላ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሳሎኑ መሰብሰቢያ፣ መኝታ ቤቱ የሒሳብ ክፍል ሆኗል። ከሥራው ያልተነሣው ማድ ቤቱ ብቻ ነው፤ እዚያ ሻይ ይፈላል።

«ወንጌላዊው ያለው ገጠር፤ ታዲያ ሰሚት ቤት ተከራይቶ መቀመጥ ምን ይሉታል?» የሚል ምእመን አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡ የእሱ ነውና።

ቀኑ 2፡30 ላይ በጸሎት ይጀምራል። ካርታ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ሰኞ ለአንዱ አካባቢ፣ ማክሰኞ ለሌላው ይጸለያል። የጸሎት ርዕስ በብዛት ይዛ የምትመጣው የሒሳብ ሠራተኛዋ ብትሆን አይግረማችሁ፤ ማን ብድር እንደጠየቀ፣ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንደገባ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ከጸሎቱ በኋላ ያለው ደብዳቤ፣ ማኅተም፣ ባንክ፣ የመንገድ መጨናነቅ፣ እንደገና ባንክ ነው።

ነገሩ እንዲገባን አንዲት ወረቀት እንከተል። ወንጌላዊው መኪና ወደማይገባበት ቀበሌ ለመድረስ በቅሎ ተከራይቶ 600 ብር ከፈለ እንበል። ለበቅሎ ኪራይ ደረሰኝ የሚቆርጥ ማን አለ? ከሳምንት በኋላ ስልክ ይደወላል።

«ጋሼ፣ ጌታ ይባርክዎት። የበቅሎዋ ወረቀት እኮ አልደረሰኝም።»

«ልጄ፣ በቅሎዋ ራሷ ትምጣልሽ?»

በቅሎዋ አትመጣም፤ ቅጽ ግን አለ። የባለ በቅሎው ስም፣ የጉዞው ቀን፣ የገንዘቡ ልክ፣ የጣት አሻራ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይሰፍርበታል። በገበያ ቀን ወደ ወረዳው ከተማ በሚወጣ ሰው እጅ ይላካል፤ ኔትወርክ ካለ ደግሞ ፎቶው በቴሌግራም ይቀድማል። ቢሮው ውስጥ ኃላፊው ይፈርምበታል፣ ቫውቸር ይሠራለታል፣ ፋይል ይገባል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ባለ በቅሎው ስልክ ካለው ነገሩ ቀሏል፤ የክፍያው መልእክት ራሱ ማስረጃ ይሆናል። ከሌለው ግን ወደ አሻራው እንመለሳለን።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይከብዳል፦ በቅሎዋ የየትኛው ሒሳብ ናት? የእምነት ተቋማት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይገዙም። ስብከቱ በቤተ ክርስቲያን በኩል ይሄዳል። የውኃ ጉድጓዱና ክሊኒኩ ግን ብዙውን ጊዜ በልማት ድርጅት ስም ስለሚመዘገቡ አዋጁ ይመለከታቸዋል። ስለዚህ በቅሎዋ የጫነችው መጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ አንድ መዝገብ ላይ ትገባለች፣ ቧንቧ ከሆነ ሌላ መዝገብ ላይ። ሁለቱንም ጭና ከሆነ የሒሳብ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ በዚያው አለቀ።

ይኸው አዋጅ የልማት ድርጅቱ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ከእሱ በፊት የነበረው የ2001ዱ አዋጅ እስከ 30 በመቶ ይፈቅድ ነበር። የመብራት፣ የኢንተርኔትና የኦዲት ክፍያ፣ የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ ሁሉ እዚያ 20 በመቶ ውስጥ ነው። «ቢሮ ገንዘብ ይበላል» ለሚለው ሰው ቢበዛ ስንት ሊበላ እንደሚችል ተጽፏል።

ወጣ ያለ ራስ ምታትም አለ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ተቀባይ ብቻ አይደለችም። ለምሳሌ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከዓለም አቀፉ የሚሽን ድርጅት ከኤስ.አይ.ኤም. ጋር እየተባበረች የራሷን ሚሽነሪዎች ወደ ሌሎች አገሮች ልካለች። መባው በብር ይሰበሰባል፣ ኑሮው ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በወራት ውስጥ 120 ደረሰ። በወር 500 ዶላር የሚላክለት ቤተሰብ ቢኖር፣ 28,500 ብር የነበረው 60,000 ሆነ ማለት ነው። ያን ሰሞን የእንዲህ ያለ ቢሮ ሥራ ላኪ አጥቢያዎችን እየዞሩ መለመን ነበር፤ አለዚያ ቤተሰቡን ወደ አገር መመለስ።

ቢሮ የሌለው ሚሽን ግን አልነበረም ወይ? ነበር እንጂ። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የኤስ.አይ.ኤም. ሚሽነሪዎች በጣልያን ወረራ ምክንያት ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው ሕዝብ ወደ 10,000 ይገመታል። ያን ያሳደጉት ወንጌላውያን ቫውቸር አልሠሩም። ይህን የሚያነሡ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የዚያን ጊዜው ሰጪ ከጓሮው ቆርጦ የሰጠውን ተቀባዩ ሲበላ በዓይኑ ያይ ነበር። የዛሬው ሰጪ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ በስልኩ 200 ብር ይልካል፤ ወንጌላዊውን በአካል አያውቀውም፣ በቅሎዋንማ ከየት አባቱ።

ሪፖርት መጠየቅ ታዲያ ነውር አይደለም። ኦዲት የተደረገ ዓመታዊ ሒሳብ እንዲያሳዩት የሚፈልግ ሰጪ ሰሚት ፍየል ቤት ላይ ከታክሲ ወርዶ፣ ግቢውን አንኳኩቶ መጠየቅ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠዋት ጠዋት የሒሳብ ሠራተኛዋ ባንክ ናት።