ሞተርና መሥመር የሚዘጋበት ቦታ
ባለ ንብረቱም ዘበኛውም ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ

ባለ ንግድ ሁሉ የመደብሩን ቍልፍ ነገር ያውቃል፤ ማታ ማን እንደ ዘጋው፣ ጧት ማን እንደሚከፍተው፣ ትርፉ ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ ሳያጣራ አያድርም። ነገር ግን ያው ሰው ወደ መጋዘኑ የሚገባው ውኃ በየት በኩል እንደሚዘጋ፣ የኤሌክትሪኩ ዋና ማጥፊያ ከየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ፣ ሞተሩም አልጠፋ ያለ እንደ ሆነ በምን እንደሚገታ ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ «መካኒኩ ያውቃል» ብሎ ይመልሳል። መካኒኩ ግን አደጋው በሚደርስበት ሌሊት በቤቱ ተኝቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሞተር ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ የማይጠፋ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል። የቤንዚን ሞተር የሚሠራው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለ ሆነ፣ ቍልፉ ዞሮ ብልጭታው ሲቋረጥ ይቆማል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን አምቆ በማጋል ነዳጁን የሚያቃጥል ነውና ብልጭታ አያስፈልገውም፤ የሚቆመውም ነዳጅ ወይም አየር ሲከለከል ብቻ ነው። በቀድሞዎቹ የናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን የሚከለክለው በሽቦ የሚሳብ እጀታ ነበር። በኋለኞቹ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ ተተክቷል፤ እርሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይከፈታል፤ ሲያጣ ይዘጋል። ሁለተኛው ግን ለመዝጋት ራሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት ባለበት ጄኔሬተር ላይ የባትሪውን ሽቦ መንቀል ሞተሩን አያቆመውም፤ እንዲያውም የማቆሚያውን መንገድ ያጠፋል። የተገዛው ሞተር ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ሻጩን መጠየቅ የሚገባው ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ቱርቦው አርጅቶ ዘይት የሚያሾልክ ወይም የሞተር ዘይቱ ከልክ በላይ የተሞላ የናፍጣ ሞተር የራሱን ዘይት በአየር መግቢያው ስቦ ማቃጠል የጀመረ እንደ ሆነ፣ ነዳጁ ቢዘጋም ፍጥነቱ እየጨመረ ይሄዳል። በአካባቢው የሚቃጠል ጋዝ ተበትኖ ቢገኝም እንደዚሁ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ማርች 23 ቀን 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴክሳስ ሲቲ በሚገኘው የነዳጅ ማጣሪያ ከልክ በላይ ከተሞላ ማማ ነዳጅ ፈስሶ እንፋሎቱ መሬት ለመሬት ሲዘረጋ፣ በአቅራቢያው ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ አንድ ናፍጣ መኪና እንፋሎቱን ስቦ ማጓራት ጀመረ። ሊያጠፉት ሞከሩ፤ አልጠፋም። ጥቂት ሳይቆይ ፍንዳታው ሆነ፤ 15 ሰዎች ሞቱ፣ 180 ያህል ቈሰሉ።

እንዲህ ያለውን ሞተር የሚያቆመው አየሩን መንፈግ ነው። ጠፍጣፋ ሳንቃ ወይም ወፍራም ላሜራ በአየር መግቢያው አፍ ላይ መግጠም ይበቃል፤ ጨርቅ ግን ተስቦ ይገባል፣ እጅም ይጐዳል። ሳንቃው ተለክቶና ተቈርጦ ከሞተሩ አጠገብ በሚስማር ተሰቅሎ ካልቈየ በዚያች ደቂቃ ፈልጎ የሚያገኘው የለም። በጭነት መኪና ላይ የደረሰ እንደ ሆነ፣ ሾፌሩ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ፣ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን ቢለቅ ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል።

በወፍጮ ቤቶች ያለው ችግር ሌላ ነው። የናፍጣው ሞተር ብዙ ጊዜ ከግድግዳ ወዲያ በራሱ ክፍል ይቀመጣል፤ ኀይሉ በቺንጋ ወደ ወፍጮው ይተላለፋል። እህል የምታስፈጭ ሴት የነጠላዋ ጫፍ በቺንጋው ቢያዝ፣ ጩኸቷን የሚሰማው ፈጪ ከእህሉ ማፍሰሻ አጠገብ ነው፤ ማቆሚያው ግን ከግድግዳው ማዶ ነው። የማቆሚያውን ሽቦ በግድግዳው አሳልፎ ከፈጪው እጅ አጠገብ ማድረስ ከአንድ ብረት ሠራተኛ ዐቅም በላይ አይደለም፤ ዋጋውም ከአንድ ቺንጋ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይሆንም። ይሁንና ሽቦው ቢሳብም ከባዱ መዘውር ጥቂት መዞሩን ስለማይተው፣ ማቆሚያ አለ ተብሎ የቺንጋው መከለያ ሊነሣ አይገባም።

ደንበኛው የሚያዝበት የኤሌክትሪክ ዋና ማጥፊያ ከቆጣሪው በኋላ ያለው ነው፤ የቆጣሪውን ማኅተም መንካት አልተፈቀደለትም። ማጥፊያው በካርቶንና በጆንያ ክምር ከተሸፈነ እንደሌለ ይቈጠራል። ጄኔሬተር ያለበት ቤት ደግሞ በአንድ ማጥፊያ አይወሰንም። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሲነሣ፣ ሁለቱን መሥመሮች የሚለያይ መለወጫ ከሌለ የጄኔሬተሩ ኀይል ወደ ውጭ ይወጣል፤ በሠፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ሲያልፍም 220 ወይም 380 የነበረው ቮልት 15000 ሊደርስ ይችላል። ሽቦው ኀይል የለውም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ የሚገደለው በዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ መለወጫው ሁለቱን መሥመሮች ባንድ ጊዜ ለማገናኘት ከቶ የማይችል ዓይነት መሆን አለበት። ጄኔሬተርን በግድግዳ ሶኬት በኩል ከቤቱ መሥመር ጋር የሚያገናኝ ነጋዴ ግን በሰው ሕይወት ላይ ይፈርዳል።

ውኃ እንደ እሳት ስለማያስፈራ ይናቃል። ሆኖም ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የአዲስ አበባ ሠፈሮች ያሉ ባለ መጋዘኖች ዕዳውን ያውቁታል። ቀን ቧንቧውን ከፍቶ ውኃ ያጣ ሠራተኛ ሳይዘጋው ይሄዳል፤ ውኃው ሌሊት ይመጣል፤ ጧት ስኳሩ ሟሙቶ ሲሚንቶው ጠጥሮ ይገኛል። መድኀኒቱ ማታ ማታ መሥመሩን መዝጋት ነው፤ ነገር ግን ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ከተዘጋ ሮቶው ሳይሞላ ያድራል። ስለዚህ ወደ መጋዘኑ የሚገባው ቅርንጫፍ የራሱ ቫልቭ እንዲኖረው ያስፈልጋል። እጀታው በሩብ ዙር የሚዘጋው ዓይነት ለሁሉም ሰው ግልጽ ነው፤ እጀታው ከቧንቧው ጋር አብሮ ሲጋደም ክፍት፣ ሲያቋርጠው ዝግ ነው። በብዙ ዙር የሚዘጋው የቈየው ዓይነት ግን ለዓመታት ሳይነካ ከኖረ ዝጎ ይጣበቃል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ዘግቶ መክፈት ከዚህ ያድነዋል።

በምግብ ቤቶች ያለው ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል። ሽታው የተሰማ እንደ ሆነ ከሲሊንደሩ አናት ላይ ያለው መዝጊያ ወደ ቀኝ ዞሮ ይዘጋል፣ በሩና መስኮቱ ይከፈታል። በክፍሉ ውስጥ ያለ የመብራት ማጥፊያ ግን ለማብራትም ለማጥፋትም አይነካም፤ ትንሿ ብልጭታ ትበቃለችና።

ቦታውን ማወቅ ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት በፓይፐር አልፋ ታይቷል። በሰሜን ባሕር የቆመው ይህ የነዳጅ ማውጫ በፈረንጆች አቆጣጠር ጁላይ 6 ቀን 1988 ዓ.ም. ሲቃጠል፣ በቧንቧ የተገናኙት ሁለት ጎረቤት ማውጫዎች፣ ክሌይሞርና ታርታን፣ ሥራቸውን ወዲያው አላቆሙም። ማቆሚያው በእጃቸው ነበር፤ ኀላፊዎቹ ግን ለማቆም ዘገዩ። በዚያ እሳት 167 ሰዎች ሞቱ።

በአንድ መጋዘን በር የሚያድር ዘበኛም የሚያመነታበት ምክንያት አለው። ማጥፊያውን ዘግቶ ነገሩ ከንቱ ቢሆን፣ በማቀዝቀዣው ያለው ሥጋ ቢበላሽ፣ ጧት የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ባለ ንብረቱ ሠራተኞቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ «ጠርጥረው ከዘጉ፣ ነገሩ ከንቱ ቢሆንም የሚቈጣዎት የለም» ብሎ ሊነግረው፣ ቦታውንም በእጁ አስይዞ ሊያሳየው ይገባል። በመብራት ብቻ ሳይሆን በጨለማም ያሳየው።

የተዘጋውን የሚከፍተው ግን ያው የዘጋው ሰው ወይም እርሱ የተጠየቀ ሰው ብቻ ነው። በወፍጮው ሆድ ውስጥ እጁን አግብቶ የሚጠርግ ሰው ሳለ፣ መብራት መጣ ብሎ ማጥፊያውን የሚመልስ ሌላ ሰው እንዳይኖር፣ ማጥፊያው ላይ ቍልፍ ተንጠልጥሎ መክፈቻው በጠራጊው ኪስ ይሆናል።