ሁለተኛዋ እጀታ

እናቴን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቤት ውስጥ አስታምሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰቆጣ ሰፈራችን ውስጥ ስትሮክ የመታው ወይም ዳሌው የተሰበረ ሰው ከተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ወደ እኔ ብቅ ማለቱ አይቀርም። «የሆስፒታል አልጋ እንግዛ ወይስ ይቅርብን?» ይሉኛል። ቀጥለው ዋጋውን፣ ከዚያ ጎማ እንዳለው ይጠይቃሉ። እጀታው ስንት ይሁን ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም። እኔ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትቼ ስለ እሱ ብቻ ባወራ ደስ ይለኛል።

መቼም ስለ አልጋው ምንነት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከቱቦላሬና ከላሜራ የተሠራ፣ መኝታው ተከፋፍሎ በማጠፊያ የተያያዘ፣ ከግርጌ በኩል ባሉ እጀታዎች እየተዘወረ የሚታጠፍ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ገደማ፣ ወርዱ ከ90 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም። ባለ አንድ እጀታው ራስጌውን ብቻ ያነሳል፤ ባለ ሁለቱ ራስጌውንና ጉልበቱን፤ ባለ ሦስቱ በዚያ ላይ አልጋውን በሙሉ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራም አለ። ሰቆጣ በጦርነቱ ጊዜ ለወራት ያለ መብራት የኖረች ከተማ ናት፤ ስለዚህ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው በእጅ የሚዘወረውን ይግዛ። ቢበላሽ እዚሁ ያለ በያጅ ያድነዋል።

አሁን ወደ ነገሬ። እኔም መጀመሪያ የገዛሁት ባለ አንድ እጀታውን ነው። ሻጩ «እናትዎ የሚፈልጉት ቀና ማለት አይደል? ለጉልበት ብለው ምን ገንዘብ ያባክናሉ?» አለኝ፤ እውነት መሰለኝ። ቤት አስገብቼ ራስጌውን ዘወርኩ፤ እናቴ ቀና ብላ አጥሚቷን ጠጣች፤ ሁላችንም መረቅን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ግርጌ ተንሸራታ አገጯ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። በብብቷ ይዤ ወደ ላይ ጎተትኳት። ከምሳ በኋላም እንደዚሁ። በቀን ስድስት ሰባቴ እየጎተትኳት ሁለት ሳምንት አለፈ፤ «ደካማ ስለሆነች ነው» እያልኩ።

ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ ጫን አድርገው ያሳርፉና ክንድዎን ትንሽ ወደ ፊት ይግፉት። ቆዳው ባለበት ተጣብቆ ይቀራል፤ አጥንቱ ግን ይሄዳል። ጀርባው ቀና ባለ ሰው ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ሰውነቱ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ይቀራል፤ በመካከል ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይለጠጣሉ፣ ይጠማዘዛሉ። ደም ያልደረሰው ሥጋ ከውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ከላይ የሚታየው ቁስል ኋላ የሚመጣ ነው። የመኝታ ቁስል የሚመጣው ብዙ ከመተኛት ብቻ ይመስለን ነበር። በመጎተትም ይመጣል፤ የምጎትታት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ወገቧ ሥር፣ ከመቀመጫዋ በላይ፣ የሳንቲም ያህል ቦታ ጠቆረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። የሕክምና መጽሐፍ «ቆዳው ሲቀላ» ይላል፤ የእኛ ቆዳ ግን ሲቀላ ብዙ ጊዜ አይታይም። በዓይን መጠበቅ ትርፉ መዘግየት ነው። በእጅ ጀርባ ይዳሰስ፤ ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የጠጠረ ወይም የላላ ቦታ ካለ ነገሩ ጀምሯል ማለት ነው። ወገብ ሥር፣ ተረከዝ፣ የዳሌ አጥንት፣ ቁርጭምጭሚት በየዕለቱ ይዳሰሱ። ሰውነት በሚታጠብበት ሰዓት ቢሆን አይረሳም።

የሁለተኛዋ እጀታ ሥራ እዚህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ዊሊስ ጋች የሚባል አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አንድ አልጋ አሠርቶ አስተዋወቀ። በዚያ ዘመን ሆዱ የተቀደደ በሽተኛ እንዲቀመጥ ይፈለግ ነበር። ነገር ግን ራስጌውን ከፍ ባደረጉት ቁጥር ሰውየው ወደ ታች ይንሸራተትባቸዋል። የጋች ብልሃት መኝታውን ጉልበት ላይም ማጠፍ ነበር፤ ጉልበቱ ሲነሳ ጭኑ ተዳፋት ይሆንና መቀመጫውን ደግፎ ያቆመዋል። እንግዲህ ጉልበቱን የሚያጥፈው ክፍል ለምቾት ኋላ የተጨመረ ትርፍ ነገር አይደለም፤ አልጋው የተፈለሰፈውስ ለዚሁ ነው። ሻጩ «ብክነት» ያለኝ እሱን ነበር።

ባለ ሁለቱን የገዙትም ቢሆኑ አሠራሩን አያውቁትም። አንድ ቤት ገብቼ ሁለተኛዋ እጀታ ከነፕላስቲኳ እንደታሸገች አግኝቻታለሁ። «ለምን አትጠቀሙባትም?» ብል፣ «የሰውየው ጉልበት እኮ ደኅና ነው» አሉኝ! ለሁሉም እንዲህ ነው። ታማሚው ሲተኛ ዳሌው ልክ ማጠፊያው ላይ ይዋል። ሰው ብዙ ጊዜ ትራሱን እያየ ነው የሚያስተኛው፤ ዳሌው ከማጠፊያው ወደ ግርጌ ይወርድና አልጋው ሲታጠፍ ሰውየው ደረቱ ላይ ይታጠፋል። ትንፋሹ ያጥራል፤ ቤተሰብ «ልቡ ነው» ብሎ ይደነግጣል። ማጠፊያው ያለበት ቦታ ላይ አልጋው ጎን በቀለም ምልክት ያድርጉ። ከዚያ መጀመሪያ ጉልበቱ ይነሳ፣ ቀጥሎ ራስጌው። ሲወርድ ደግሞ ራስጌው ይቅደም፣ ጉልበቱ ይከተል።

የራስጌው ከፍታስ? ምግብ ሲበላ ከፍ ይበል። በሌላው ጊዜ ሐኪሙ ለትንፋሹ ወይም ለትንታው ብሎ ሌላ ካላዘዘ በቀር ከ30 ዲግሪ አይለፍ። 30 ዲግሪ የቱ ጋ ነው ለሚለኝ ሰው የወረቀት ማዕዘን ሦስት ቦታ እኩል አጥፌ እሰጠዋለሁ፤ አንዷ እጥፋት 30 ናት። ከአልጋው ጎን አስጠግቶ ማየት ነው።

«የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ከዱሮ ችሎት የመጣ ቃል ነው። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ተበዳሪ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ይውሉ ነበር፤ አንዱ የሌላው ቁራኛ ነው። ከሳሹም አብሮ ታስሯል። አስታማሚ ሆኖ ያየ ይህን ያውቀዋል። እናቴ በአልጋው ስትያዝ እኔም ተያዝኩ፤ መጀመሪያ የተሰበረውም የእኔ ወገብ ነው። አልጋው ለእኔ ቁመት ዝቅ ያለ ነበርና።

ስለ ከፍታ የማምንበት ይኸው ነው። ታማሚው ተደግፎም ቢሆን የሚነሳ ከሆነ መለኪያው የእሱ እግር ነው፤ ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ሁለቱም እግሮቹ መሬቱን ሙሉ በሙሉ ይርገጡ። ፍራሹንም ቆጥረው ይለኩ። ጨርሶ የማይነሳ ከሆነ ግን መለኪያው የአስታማሚው ወገብ ነው። ባለ ሦስት እጀታውን መግዛት ካልተቻለ ጎማውን ነቅሎ፣ እግሩን መሐሉ በተፈለፈለ የእንጨት ጉማጅ ላይ ማቆም ይበቃል። ጎማ ደግሞ ሊሾ በሌለው ቤት ጥቅም የለውም፤ ፍሬኑ ካልያዘ ጉዳት ነው።

አልጋው ግድግዳ አይጠጋ። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ስለ ማስታመም በጻፈችው መጽሐፍ አልጋው በሁለቱም ጎን ክፍት እንዲሆን፣ ብርሃን ያለበት ቦታ እንዲቀመጥ አጥብቃ መክራለች። የእኛ መደብ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተመረገ ነው፤ አንድ ጎን ብቻ ስላለው ታማሚን ማገላበጥ መከራ ነው። ማገላበጡ ደግሞ አይቀርም። የፈለገውን ያህል ውድ አልጋ ይሁን፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚያገላብጠው ሰው ነው። ሲገላበጥም ፍጹም በጎኑ አይተኛ፤ የዳሌው አጥንት ይጎዳል። ከጀርባው ትራስ ገብቶለት ጋደም ይበል።

ጠፍር አልጋን የምንቅ እንዳይመስላችሁ። እርጥብ ጠፍር ተስቦ፣ ደርቆ ሲወጠር የሚሰጠውን ምቾት የሚያህል አላውቅም፤ ከሥሩም አየር ይገባል። ችግሩ ሲከርም መሐሉ መርገቡ ነው፤ ከባዱ ዳሌ እዚያ ይሰምጥና ታማሚውን ለማዞር ከጉድጓድ እንደ ማውጣት ይሆናል። በወር ውስጥ ይነሳል ለተባለ ሰው ግን ጠፍሩን አስጠብቁና ገንዘባችሁን ያዙ ብዬ የመለስኳቸው ብዙ ናቸው።

አንድ ሌላም ነገር አለ፤ ልጆቹ አዲሱ አልጋ ሲመጣ መጀመሪያ አውጥተው የሚጥሉት። አጎዛ። «የገጠር ነገር» ይሉታል። በሜልቦርን ሆስፒታል 441 ሕሙማን ላይ ተሠርቶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የወጣ ጥናት፣ በበግ አጎዛ ላይ ከተኙት 9.6 በመቶው፣ በተለመደው አልጋ ከተኙት ደግሞ 16.6 በመቶው የመኝታ ቁስል እንደ ያዛቸው አሳይቷል። ጠጉሩ ሰውነትን በብዙ ነጥብ ይሸከማል፣ ላብ ይመጥጣል፣ እንደ አንሶላ ቆዳን አይጎትትም። ከፕላስቲክ ጠጉር የተሠራው ማስመሰያ ይህን አያደርግም። እርግጥ የአውስትራሊያው በሙቅ ውሃ እንዲታጠብ ተደርጎ የለፋ ነው፤ የእኛ ሽንት ከነካው ይደርቅና ሰሌን ይሆናል። ስለዚህ ሽንቱን ለማይቆጣጠር ሰው ከጀርባውና ከባቱ ሥር እንጂ ከመቀመጫው ሥር አይሁን። ጠጉሩ ረጅም ይሁን፣ ላዩ ላይ ሦስት አራት ልብስ አይደራረብበት፣ ቁንጫ እንዳያፈራ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

በተቃራኒው ሰው ያለ ጥቅም የሚያምንባቸው ነገሮች ያናድዱኛል። ጓንት ውሃ ሞልቶ ተረከዝ ሥር ማድረግ፦ ተረከዙ ያው ጫና ላይ ነው። ከባቱ ሥር ትራስ ይግባና ተረከዙ አየር ላይ ይዋል። መሐሉ ባዶ የሆነ የጎማ ቀለበት፦ በዙሪያው ያለውን ደም ይዘጋል። የጠቆረውን ቦታ በቫዝሊን ማሸት፦ የተጎዳውን ሥጋ ይበልጥ መጉዳት ነው። እባካችሁ ተዉት።

ፍራሹ ከአልጋው ጋር መታጠፍ አለበት፤ ለባልና ሚስት የተገዛውን ወፍራም ስፖንጅ ቆርጣችሁ አታልብሱት። ታማሚው ተኝቶ ሳለ መዳፍን ወደ ላይ አዙሮ በፍራሹ ሥር፣ በመቀመጫው ትክክል ማስገባት ነው። አጥንቱ ለእጅ ከተሰማ ፍራሹ አልቋል።

መከለያውንም እንደ በረት አትመልከቱት። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1985 እስከ 2009 መጀመሪያ ድረስ አልጋና መከለያ ውስጥ የተቀረቀሩ 803 ሰዎች ሪፖርት ደርሶት ነበር፤ 480ዎቹ ሞተዋል። በፍራሹና በመከለያው መካከል ጭብጥ እጅ ከገባ ፍራሹ ጠቧል። አእምሮው የሳተ ሽማግሌ ደግሞ መከለያውን ተሻግሮ ይወርዳል፤ ከዚያ ከፍታ ከሚወድቅ ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ አልጋ ይሻለዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት የበሩን ወርድ ለኩ። የእናቴ ሁለተኛው አልጋ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ በድንጋዩ ቤታችን በር አልገባ ብሎ፣ ፈትተን አስገብተን እንደገና ገጠምነው። መንገዱ ብሎኖቹን አላልቶ ሁለት ዳዶ ጥሏል። ስትገጥሙ ሁሉንም አጥብቁ፣ የእጀታውን ጥርስ ግሪስ ቀቡ፤ ዘውራችሁ ስትጨርሱም እጀታዋን ወደ ውስጥ እጠፏት። የቤታችን ሰው ሁሉ ቅልጥሙ ላይ የእሷ ጠባሳ አለው።

እናቴ ካረፈች በኋላ ያ አልጋ ሦስት ቤት ዞሯል። ባለፈው ደግሞ ከዝቋላ የመጣ አንድ ጎልማሳ ለአባቱ ወሰደው። ራስጌው ላይ በኖራ «ጉልበት ይቀድማል» ብዬ ጽፌበት ሰጠሁት። ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ የጉልበቱ የትኛዋ ናት? የቀኟ ነች የግራዋ?»

«አባትህ ተኝተዋል?»

«አዎ፣ አሁን አስተኛናቸው።»

«አውርዷቸውና ባዶውን ዘውረህ እይ» አልኩት።