ጤና ከደጃፍ ሲጀምር



ከሽሮ ሜዳ ገበያ ወደ እንጦጦ ግርጌ ከፍ ስንል የሸማኔው መወርወሪያ ድምፅ ይሰማናል። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ጀርባውን አጉብጦ ይውላል። ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። አገር በእጃቸው ሥራ ያጌጣል፤ እነሱ ግን ብዙ ጊዜ ብርሃንና አየር በሚያጥረው ጠባብ ቤት ይሠራሉ። ወገብ ይታመማል፣ ዓይን ይደክማል። ታዲያ እንዲህ ላለውም ሆነ ከከተማ ርቆ ለሚኖረው ወገን ጤና መንግሥት የያዘው ስልት ምንድን ነው? ከኛ ሙያስ ጋር ምን ያገናኘዋል? (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ. ስልቱ

በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በሽተኛው ጤና ጣቢያ እስኪመጣ ከመጠበቅ ጤናው ራሱ ወደ ቤቱ ይሂድ የሚል ነው። ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሴቶች ከዚያው አካባቢ ተመረጡ። 10ኛ ክፍል ያጠናቀቁና የሕዝቡን ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ። አንድ ዓመት ሠልጥነው በመንግሥት ደመወዝ ተቀጠሩ። መጸዳጃ ቤት ስለ መቆፈር፣ ስለ ክትባት፣ ስለ እናቶች ክትትልና ስለ ወባ ቤት ለቤት አስተማሩ። በ2009 ደግሞ ነርሶችን ይዞ ወደ ከተማ ገባ።

ለ. ውጤቱና ጉድለቱ

በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸፍናል። በዚያው በ2016 አዲስ አበባ 39፣ አፋር 125 ነበር። ለምን? አርብቶ አደሩ ከከብቱ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ጤና ኬላው ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። ሌላም አለ። 10ኛ ክፍል የጨረሰች የአካባቢው ልጅ ከየት ትምጣ? ትምህርት ቤቱ እኮ ራሱ ጥቂት ነው! ስለዚህ በአርብቶ አደር አካባቢዎች መስፈርቱ ዝቅ ብሎ ወንዶችም እንዲመለመሉ ተደረገ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ዛሬ መምህር ያጣ ቀበሌ ነገ ጤና ሠራተኛ ያጣል።

ሐ. ከሌላው ዓለም

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች በ1971 ሲድኒ ውስጥ ሬድፈርን በተባለ ሰፈር የራሳቸውን የሕክምና አገልግሎት አቋቋሙ። መንግሥት በ2008 የኑሮና የጤና ልዩነቱን ለማጥበብ ግቦች አወጣ። በ2020 በወጣው ሪፖርት ከሰባቱ ግቦች በትክክለኛ መንገድ ላይ የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም የትምህርት ግቦች ናቸው። በዚያው ዓመት ከነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ጋር አዲስ ስምምነት ተፈረመ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ባለቤቱ ያልመከረበት ዕቅድ ሩቅ አይሄድም።

መ. ከኛ የሚጠበቀው

አንደኛ፣ እጅ መታጠብና የመጸዳጃ ቤት ንጽሕና ከክፍል ይጀምር። ሁለተኛ፣ ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር እንተዋወቅ፤ እሷ የምታንኳኳው በር የተማሪዎቻችን በር ነው። ሦስተኛ፣ ከጋሞ ደጋ «እናስተምራችኋለን» ተብለው መጥተው ሽመና ላይ የሚቀመጡ ሕፃናት እንዳሉ በጥናት ተደጋግሞ ተጽፏል። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ስለዚህ አንድ ልጅ ክፍል ውስጥ ሲያንጎላጅ ከመቆጣታችን በፊት «ሌሊቱን ምን ስትሠራ አደርክ?» ብለን እንጠይቅ። ያቺ አንዲት ጥያቄ ከብዙ መመሪያ ትበልጥ ይሆናል።

ሸማኔ ጎረቤቶቻችን ጠንቅቀው እንደሚያውቁት፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።